ማርሽ ሲቀነስ መኪናው ለምን ይንገጫገጫል? መንስኤው፣ መፍትሔውና የቁልቁለት መንገዳችን



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አሽከርካሪው ከአራተኛ ማርሽ ወደ ሦስተኛ፣ ወይም ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀንስ መኪናው በድንገት ይያዛል፤ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከሥር «ኳ» የሚል ድምፅ ይሰማል። በአውቶማቲክ መኪና ማርሹን የሚቀንሰው መኪናው ራሱ ስለሆነ ባለቤቱ «ካምቢዮው ይመታል» ብሎ ይናገራል። ብዙው ሰው ነገሩን እንደ ምቾት ጉድለት ቆጥሮ ይለምደዋል።

የንግግሬን ፍሬ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። መንገጫገጩ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። አደጋው ያለው አሽከርካሪው ከመንገጫገጩ ለመሸሽ ሲል በሚያደርገው ላይ ነው። ማርሽ መቀነስ የፈራ አሽከርካሪ ቁልቁለቱን በከፍተኛ ማርሽ፣ አልያም በዜሮ ይለቀዋል፤ መኪናውን የሚይዘውም በፍሬን ብቻ ይሆናል። ከአሶሳ ተነስቶ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆና በጊምቢ አድርጎ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ለሚወርድ፣ ከዚያም በነቀምትና በአምቦ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ይህ ልማድ ሕይወት የሚያስከፍል ነው። ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው።

በካምቢዮው ውስጥ የሚሆነው

የመኪና ክፍሎችን የምንጠራባቸው ስሞች አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ካምቢዮ ማለት ለውጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ነው፤ ፍሬን የሚለው ቃል ደግሞ መነሻ ትርጉሙ የፈረስ ልጓም ነው። እነዚህ ሦስት ቃላት የዛሬውን ትምህርት በሙሉ ይዘውታል። በካምቢዮ ለውጥ ይደረጋል፤ ለውጡን ሰበቃ ያስማማዋል፤ ለውጡ በትክክል ከተደረገ ሞተሩ ራሱ ልጓም ይሆናል።

እስቲ በቁጥር እናስበው። አንድ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የጎማው ዙሪያ 1.9 ሜትር ቢሆን ጎማው በደቂቃ 526 ጊዜ ገደማ ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ውድር 4 ለ 1 ከሆነ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በደቂቃ 2,100 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። አራተኛው ማርሽ 1 ለ 1 ቢሆን ሞተሩም በዚያው ፍጥነት ይዞራል። ሦስተኛው ማርሽ 1.4 ለ 1 ቢሆን ግን ሞተሩ 2,950 ገደማ ዙር ይጠበቅበታል፤ ሁለተኛው 2 ለ 1 ቢሆን 4,200፤ አንደኛው 3.5 ለ 1 ቢሆን ከ7,300 በላይ። የመጨረሻው ቁጥር አብዛኛው ሞተር ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው።

አሁን አሽከርካሪው የሚያደርገውን እንከተል። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፣ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ማርሹን ወደ ሦስተኛ ያስገባል። በዚያች ቅጽበት ከጎማ ጋር ያለው ግንኙነት የተቋረጠበት ሞተር ዙሩ እየወረደ ይሄዳል፤ ትንሽ ከቆየ 800 ዙር ላይ ይደርሳል። አሽከርካሪው ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ በ800 የሚዞረው ሞተርና 2,950 የሚጠይቀው ካምቢዮ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ሁለቱ የግድ መስማማት አለባቸው። ሞተሩን ወደ 2,950 የሚያደርሰው ጉልበት ከየት ይመጣል? ከመኪናው ጉዞ ነው። የሚዞር አካል የያዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ሞተሩ በ2,950 ዙር የሚይዘው የመዞር ጉልበት በ800 ከነበረው ከ13 እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከጎማዎቹ ላይ ይነጠቃል። መንገጫገጭ የምንለው ይህን ነጠቃ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መንገጫገጩ የሁለት ፍጥነቶች አለመጣጣም ምልክት ነው፤ ፍጥነቶቹን ቀድሞ ማስማማት ከቻልን አይኖርም። ሁለተኛ፣ ማርሽ እየዘለሉ መቀነስ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ከአራተኛ በቀጥታ ወደ ሁለተኛ መግባት የሚጠይቀው የዙር ልዩነት ወደ ሦስተኛ ከመግባቱ እጅግ ይበልጣልና።

የአሽከርካሪው ድርሻ

መንስኤውን ስንፈልግ መጀመር ያለብን ገንዘብ ከማያስወጣው ነው፤ እርሱም የአነዳድ ዘዴ ነው።

የመጀመሪያው ሥርዓት ቅደም ተከተል ነው፤ ፍሬን ይቀድማል፣ ማርሽ ይከተላል። መኪናው ለታሰበው ማርሽ ወደሚስማማ ፍጥነት በፍሬን ከወረደ በኋላ ማርሹ ሲቀነስ የዙሩ ልዩነት ጠባብ ይሆናል። በላይኛው ምሳሌ መኪናው ከ60 ወደ 40 ኪሎ ሜትር ዝቅ ካለ፣ ሦስተኛ ማርሽ የሚጠይቀው ዙር ከ2,950 ወደ 2,000 ገደማ ይወርዳል።

ሁለተኛው ሞተሩን ማሳደግ ነው። ማርሹ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ሳይለቀቅ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቅጽበት ነካ አድርጎ የሞተሩን ዙር ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑን መልቀቅ። ይህን ሲያደርግ አሽከርካሪው ከጉዞው ሊነጠቅ የነበረውን ጉልበት ከነዳጅ ይከፍላል። የሚያስፈልገው ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲሆን፣ ሸራውን ከመበላት፣ ካምቢዮውንም ከመደብደብ ያድናል።

ሦስተኛው የፍሪሲዮን አለቃቀቅ ነው። ሸራው መያዝ የሚጀምርበትን ቦታ እግር ሊያውቀው ይገባል፤ በዚያ ቦታ ላይ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ቆም ብሎ ሰበቃው ሥራውን እንዲሠራ መፍቀድ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ እግርን በፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት ሌላ ነገር ነው፤ ሸራውን ሳያስፈልግ ያቃጥለዋል።

አራተኛው የቆዩ የጭነት መኪናዎችን ይመለከታል። በዘመናዊ ካምቢዮ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባለው ቀለበት ማርሾቹ ከመያያዛቸው በፊት በሰበቃ ፍጥነታቸውን ያመጣጥናል። ይህ ፈጠራ በገበያ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ ነው። ቀለበቱ በሌለበት ወይም ባለቀበት ካምቢዮ አሽከርካሪው ራሱ ቀለበቱን ሆኖ መሥራት አለበት። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ ነዳጅ ይሰጣል፤ እንደገና ፍሪሲዮን ረግጦ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። ፍሪሲዮንን ሁለቴ መርገጥ የሚባለው ይህ ነው።

በከተማችን መንገድ የሚመላለሱት ባጃጆችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። ማርሻቸውና ፍሪሲዮናቸው በግራ እጅ ቢሆንም፣ በፍጥነት እየሄዱ ማርሽ ወርውሮ እጀታውን በድንገት መልቀቅ ያው ነጠቃ ነው፤ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ደግሞ ሚዛኑን የማጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ጥፋቱ የመኪናው ሲሆን፦ ማንዋል ካምቢዮ

አሽከርካሪው ሥርዓቱን ጠብቆ መንገጫገጩ ከቀጠለ ወደ ብረቱ እንሄዳለን። ልብ ልንላቸው የሚገቡ ክፍሎች አምስት ናቸው።

የፍሪሲዮን ሸራ አንዱ ነው። ሸራው ላይ ዘይት ከነካው በእኩልነት መያዝ ትቶ እየያዘ ይለቃል፤ መኪናው ይርገፈገፋል። ዘይቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሞተሩ ኋላ ወይም በካምቢዮው ፊት ካለው ዘይት ከልካይ ጎማ ነው። ስለዚህ ሸራ ብቻ ለውጦ ጎማውን መተው በወራት ውስጥ ወደ ነበሩበት መመለስ ነው። በሸራው መሐል ያሉት ትናንሽ ሞላዎችም ምት የሚያለዝቡ ናቸው፤ ሲሰበሩ ወይም ሲላሉ እያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ በጥሬው ወደ ተሳፋሪው ይደርሳል።

ሁለተኛው የፍሪሲዮን መርገጫ መሥመር ነው። በፈሳሽ የሚሠራ ከሆነና አየር ከገባበት፣ ወይም ፈሳሹ ከጎደለ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ሸራው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ጥቂት ሰከንዶች ጠብቁ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። ከተንቋቋ ሸራው አልተላቀቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡባቸው ጎማዎች ናቸው። በጠጠር መንገድ የሚመላለስ መኪና እነዚህን ቶሎ ይጨርሳል። ሲቀደዱ ሞተሩ በማርሽ ለውጥ ጊዜ ይዘላል፤ ምቱም ካምቢዮው የተበላሸ ያስመስለዋል። ለዚህ ጎማ ሲባል የተፈታ ደህና ካምቢዮ ጥቂት አይደለም። ለመመርመር ኮፋኖው ይከፈታል፤ አንድ ሰው የእጅና የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይዞ በአንደኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን መያዝ እስኪጀምር በጥቂቱ ይለቃል፤ ሌላው ሰው ከጎን ሆኖ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚነሳ ይመለከታል። ከመኪናው ፊት ማንም መቆም የለበትም።

አራተኛው የካርዳን ዘንጉ፣ ክሮቼራዎቹና ዲፈረንሻሉ ናቸው። በነዚህ ውስጥ የተጠራቀመ ክፍተት ሞተሩ ከመግፋት ወደ መያዝ ሲዞር በአንድ ጊዜ ይዘጋል፤ «ኳ» የሚለው ድምፅ መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ጎማዎቹ በድንጋይ ተደግፈው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካርዳኑ በእጅ ወዲያና ወዲህ ሲዞር ክፍተቱ ይታወቃል። ክሮቼራ በጊዜው ግራሶ ከተሰጠው ዕድሜው ረጅም ነው።

አምስተኛው ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይትና የዲፈረንሻል ዘይት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ለዲፈረንሻል ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ጥርሶችን ከከባድ ጫና ለመጠበቅ እጅግ አንሸራታች ተደርጎ ይሠራል። የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት ግን ለመሥራት ሰበቃ ይፈልጋል፤ ዘይቱ ሲያንሸራትተው ፍጥነት ማመጣጠን ያቅተዋል። በአንዳንድ ዘይቶች ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ ደግሞ የነሐሱን ቀለበት ይበላዋል። ስለዚህ «90 ቁጥር ነው» መባሉ ብቻ አይበቃም፤ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የሚለው ደረጃ መታየት አለበት።

አውቶማቲክ ካምቢዮ

ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ያቀረበውም ጄኔራል ሞተርስ ነበር። በአገራችን ዛሬ ቪትዝና ያሪስን የመሳሰሉት አነስተኛ መኪናዎች በከተሞች በመብዛታቸው ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

በአውቶማቲክ ውስጥ ዘይቱ ሦስት ሥራ አለው። ጉልበት ከሞተር ወደ ካምቢዮ ያስተላልፋል፤ በግፊቱ የውስጥ ሸራዎችን ይይዛል፣ ይለቃል፤ ሙቀትም ያወጣል። ዘይቱ ሲጎድል ፖምፓው አየር ይስባል። ግፊቱ መምጣት ባለበት ጊዜ አይመጣም፤ ዘግይቶ በድንገት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይመታል። ዘይቱ ሲያረጅም የሰበቃ ጠባዩን ያጣል፤ ሸራዎቹ በለስላሳነት መያያዝ ይሳናቸዋል። የደህና ዘይት መልክ ቀይና ጥርት ያለ ነው፤ ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነና ማረር ከሸተተ ጊዜው አልፏል። የብረት ብናኝ ከታየበት ደግሞ ችግሩ ከዘይት አልፎ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ ዘይት መለወጥ ብቻውን አያድነውም።

ዘይቱ በትክክል ይለካ። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ብዙ መኪናዎች ልኬቱ የሚወሰደው ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ነው። ከታች ተከፍቶ የሚፈሰው ዘይት ከፊሉ ብቻ እንደሆነም ማወቅ ይገባል፤ የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቆያል። የሚጨመረው ዘይት የዓይነቱ ነገር ጥብቅ ነው። በተለይ ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ደረጃ በደረጃ የሚለዋወጡ ማርሾች የሉትም፤ በሁለት ስፋታቸው በሚለዋወጥ ፑሌዎች መካከል በተዘረጋ የብረት ቺንጋ ይሠራል፤ የሚፈልገውም የራሱን ዘይት ነው። «የአውቶማቲክ ዘይት» በሚል የወል ስም የተገዛ ነገር ሊያጠፋው ይችላል።

ከዘይት ቀጥሎ ግፊቱን የሚመሩት ሶሌኖይዶች፣ የፍጥነት ሴንሰሮችና ሽቦዎች ይመጣሉ። ከሞተሩ በኩል ደግሞ የአየር መግቢያው መቆሸሽ የሞተሩን የቆመ ዙር ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ መኪናው ሊቆም ሲል ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲወርድ የሚሰማው ምት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። የክልላችን የበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮን በምን ፍጥነት እንደሚደፍን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጨረሻም፣ ዘመናዊው መኪና የማርሽ ግፊቱን ከሸራዎቹ መበላት ጋር እያስተካከለ የሚማር ኮምፒዩተር አለው። ባትሪ ተፈትቶ ሲመለስ በአንዳንድ መኪናዎች ይህ ትምህርት ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩ እንደገና እስኪማር ለጥቂት ቀናት ካምቢዮው ሊመታ ይችላል። ባትሪ በተለወጠ ማግሥት ካምቢዮ ለማስፈታት መቸኮል ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

ጥያቄ ከመፍቻ ይቅደም

ለተማሪዎቼ አዘውትሬ የምነግራቸው ነገር አለ፤ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። በሁሉም ማርሽ ላይ ከሆነ ጥርጣሬያችን ወደ ፍሪሲዮኑ፣ ወደ ሞተሩ መቀመጫ ጎማዎችና ወደ ካርዳኑ ይሄዳል፤ እነዚህ ለሁሉም ማርሽ የጋራ ናቸውና። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ ከሆነ ወደዚያ ማርሽ ቀለበት ወይም ሶሌኖይድ እናያለን። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ብቻ ከሆነ የዘይቱ ውፍረት ይጠረጠራል፤ ከረጅም ጉዞ በኋላ ሲሞቅ ብቻ ከሆነ የዘይቱ ማነስ፣ ማርጀት ወይም የማቀዝቀዣው መደፈን። በአንድ አሽከርካሪ እጅ ተንገጫግጦ በሌላው እጅ ለስልሶ የሚሄድ ከሆነ መልሱ በአነዳድ ላይ ነው።

ይህ ጥያቄ ዋጋ ያለው በእኛ ሁኔታ ነው። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሶማሌ ተራ የሚታዘዝ መለዋወጫ ቀናት ይወስዳል፤ መኪናው እስኪጠገን የቆመበት ቀን ለባለቤቱ ገቢ የሌለበት ቀን ነው። በተሳሳተ ምርመራ የተገዛ አንድ ካምቢዮ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቁጠባ ሊወስድ ይችላል፤ ጥፋቱ የተቀደደ ጎማ ከነበረ ደግሞ ምቱ እንዳለ ይቀጥላል።

ቁልቁለትና ፍሬን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከዚህ የበለጠ ጥልቀት አለው። ያ ጉልበት 290 ሊትር ገደማ ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ጥቂቱን ነፋስና የጎማ ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። አሽከርካሪው በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ብዙውን ይቀበለዋል፤ አየር በመሳብና በመጭመቅ ሥራ ይበላዋል፣ ሙቀቱንም በራዲያተርና በጭስ መውጫ ያስወጣዋል። በዜሮ ከወረደ ግን ሁሉም ወደ ፍሬን ሸራና ወደ ብረቱ ይሄዳል። ሸራው ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ልጓም የተባለው ነገር ያን ጊዜ ከእጅ ይወጣል።

በዜሮ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነትም በዘመናዊ ሞተር ላይ አይሠራም። ነዳጁ በኮምፒዩተር የሚመራ ሞተር መኪናው በማርሽ እየወረደ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ የነዳጅ ርጭቱን ጭራሽ ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ቁጠባ የተባለው ነገር ጉዳት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ የመሪውንና የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ያሳጣል።

ስለዚህ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይመረጥ፤ ለጭነት መኪና ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ ጥሩ መነሻ ነው። መኪናው ፍጥነት ካበዛ በኋላ ማርሽ ለመቀነስ መሞከር አደገኛ ነው፤ ማርሹ አልገባ ብሎ በዜሮ ሊያስቀር ይችላል። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሳይሆን አጥብቆ ለአጭር ጊዜ ይረገጥ፣ ከዚያ ይለቀቅ። አውቶማቲክ የሚነዱም መራጩን ከ«ዲ» ወደ «2» ወይም ወደ «ኤል» ያውርዱ፤ «ኦ.ዲ.» የሚል ቁልፍ ያለው መኪና ከሆነ ያጥፉት። ማረር የሚሸት ከሆነ አመቺ ቦታ ላይ ቆሞ ማብረድ እንጂ በጋለ ብረት ላይ ውሃ መድፋት አይገባም፤ ብረቱ ይሰነጠቃልና።

በክረምታችን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ቀዩ አፈር ሲርስ ጎማ መሬቱን የሚይዝበት ኃይል በጣም ይቀንሳል። ጭነት የሌለው ፒካፕ ኋላው ቀላል ነው፤ በእርጥብ ኩርባ ላይ ማርሽ በድንገት ሲቀነስና ፍሪሲዮኑ ሲወረወር የኋላ ጎማዎች ለቅጽበት መሬቱን ይለቃሉ፤ መኪናውም በጎኑ ይዞራል። በደረቅ አስፋልት ላይ አንገት ብቻ የሚያነቃንቅ ስህተት በጭቃ ላይ ገደል ውስጥ ይከታል። ማርሹ ከኩርባው በፊት፣ ቀጥታው መንገድ ላይ መቀነስ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ያሉንን መኪናዎች ስለመጠበቅ

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ውሳኔዎቹ የራሳቸው ዓላማ አላቸው፤ ለእኛ የሙያ ሰዎች ግን አንድ ግልጽ ውጤት ያስከትላሉ። በመንገድ ላይ ያሉት ካምቢዮዎች ከታሰበላቸው ዘመን በላይ ሊያገለግሉን ነው። እነርሱን በአግባቡ መንዳትና በትክክል መመርመር የሙያ ግዴታችን ይሆናል።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ጥያቄ ያስወግደው ይሆን? በከፊል አዎን። አብዛኛው አንድ ቋሚ ውድር ብቻ ስላለው የሚቀነስ ማርሽ የለውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበለው ቦታ የለውም፤ መያዙም ይቀንሳል። በዳገት አናት ላይ ባትሪ ሞልቶ ቁልቁለት የሚጀምር አሽከርካሪ እንደ ጭነት መኪናው ሾፌር ፍሬኑን ማሰብ አለበት። የጉልበት ሕግ በማርሽም ሆነ ያለ ማርሽ ያው ነው፤ የወረደ ሁሉ የሆነ ቦታ መቀመጥ ይፈልጋል።

የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲፈልጉ ሩቅ እንዳይሄዱ አደራ እላለሁ። በመናኸሪያችን የሚቆሙት ሚኒባሶችና አይሱዙዎች የፍሬንና የካምቢዮ ሙቀት ከቁልቁለት በኋላ ስንት ይደርሳል? ሸራቸው በስንት ኪሎ ሜትር ያልቃል? በሚነዳቸው ሰው ልማድ ምን ያህል ይለያያል? ቴርሞሜትር፣ መዝገብና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሊመልሳቸው የሚችላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሱም በቀጥታ ለአሽከርካሪው ይጠቅማል።

ለእንግዶቻችን ለአሽከርካሪዎችና ለመካኒኮች ደግሞ የምለው ይህን ነው። መኪናችሁ ማርሽ ሲቀነስ ከተንገጫገጨ ማርሽ መቀነሳችሁን አትተዉ፤ መንስኤውን ፈልጉ። መጀመሪያ አነዳዳችሁን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ ቀጥሎ ጎማዎቹንና ካርዳኑን፣ በመጨረሻ ካምቢዮውን ተመልከቱ። ዝቅተኛው ማርሽ በቁልቁለት ላይ ሁለተኛው ፍሬናችሁ ነው። ሁለት ፍሬን ያለው ሰው አንዱ ቢከዳው ሌላው ይቀርለታል።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።